ራሷን ከዕጩነት አገለለች ስለተባለችው አዋላጅ

ለክቡር ዶን ኤሌውቴሪዮ ካስታኛሬስ
የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ
ፑኤርቶ ሶለዳድ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ክብርት ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ አዲሱ የምክር ቤት አባል የወንድምዎ ልጅስ ደኅና ናቸው? ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለሰማሁት ከዝናቡ ጋር የገባው ጉንፋን እንዳያገኝዎት ከልቤ ሰጋሁ። እኛ የሳን ታርሲሎ ደሴት ሰዎች ለጤናዎ የምንጸልየው ከማንም አብልጠን ነው፤ መልስ የምንጠብቅበት ሰው እንዲታመምብን አንፈልግምና።

እኔ ኮንሶርሲያ ሊምባጋ እባላለሁ። በደሴቷ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል መምህርት ስሆን፣ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ይቀረኛል። ምርጫ በመጣ ቁጥር ጣቢያዎቹን የምንመራው እኛ መምህራን ስለሆንን፣ የሟች ወንድምዎን የኮንግረስ ወንበር ለመሙላት በተደረገው የማሟያ ምርጫም የደሴታችንን ጣቢያ የመራሁት እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ በውጤት መግለጫው ግርጌ ላይ ፈልገው ያጡት ፊርማ የእኔ ነው። ስለዚህ ፊርማ ትንሽ ብናገር ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ የመምህርነት ልማድ ነው።

አንደኛ። ስለ አምቡላንስ ጀልባዋ አመሰግናለሁ። በነጭና በቀይ የተቀባች፣ በሁለቱም ጎኗ የቤተሰብዎ ስም በትልልቅ ፊደል የተጻፈባት፣ ከሩቅ ስትታይ ዓይን የምትማርክ ጀልባ ናት። ባለፈው ዓመት አርሴንያ የምትባል የደሴታችን ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል፣ አዋላጇ ኔሪሳ ታምፑስ አሥራ አንድ ጊዜ ስልክ ደውላ ነበር። ጀልባዋ በዚያ ቀን የወንድምዎ ልጅ የክቡር ቶቶይ ልደት ይከበር ስለነበር የሙዚቃ ባንዱን ከነከበሮው ልታመጣ ሄዳ ነበር። ባንዱ በሰላም ደረሰ። አርሴንያ ግን በኔሪሳ ክንድ ላይ እንዳለች አለፈች።

ኔሪሳን ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይጠፋባት ሴት ናት። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ በሳን ታርሲሎ የተወለደ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ያረፈው በእሷ እጅ ላይ ነው። አርሴንያን የቀበርን ዕለት ግን አልቀለደችም። ከመቃብሩ ስንመለስ፣ «ቲቸር፣ ለጀልባ የምንለምነው ለምንድን ነው? ጀልባውን የሚልከው ሰው ከእኛ ቢሆንስ?» አለችኝ። እኔም እንደ ማንኛዋም ፈሪ መምህርት፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር ጮክ ብለሽ አትናገሪው» አልኳት።

ከዚያ ወንድምዎ በልብ ሕመም አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ወንበራቸው ክፍት ሆነ፤ ሕጉም በጥቂት ወራት ውስጥ የማሟያ ምርጫ ይደረግ አለ። ክቡር ቶቶይ የአባታቸውን ወንበር ሊወርሱ ብቻቸውን ተመዘገቡ። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ኔሪሳ የአዋላጅ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ፑኤርቶ ሶለዳድ ገብታ ስሟን አስመዘገበች። ጸሐፊው፣ «እኅቴ፣ የተሳሳተ ቢሮ ነው የገባሽው፤ ጤና ቢሮ ከፎቅ ነው» ብሏት ነበር አሉ። እሷም፣ «አልተሳሳትኩም፤ ብዕር አቀብለኝ» አለችው።

ሁለተኛ። ስለ ሩዙ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት የክቡር ቶቶይ ፊት የታተመበት የሩዝ ከረጢት በየቤቱ ደረሰን። ሩዙ ትንሽ ነቀዝ ቢኖርበትም ከረጢቱ ግን እጅግ ጠንካራ ነው። ዛሬ ደሴታችን ላይ የዶሮ ቤት ጣሪያ የሆነውም፣ የመስኮት መጋረጃ የሆነውም እሱ ነው፤ ወደየትም ብንዞር ክቡር ቶቶይ ፈገግ ብለው ያዩናል።

ሦስተኛ። ስለ አበባው። ከረጢቶቹ በመጡ በሳምንቱ አንድ ጀልባ ለኔሪሳ ቤት የአበባ ጉንጉን አመጣላት፤ ሬሳ ሳጥን አጠገብ የሚቆመውን ዓይነት። በሪባኑ ላይ «ለኔሪሳ፣ ከወዳጆችሽ» ተብሎ ተጽፎበታል። ባሏ ክሪስፒን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ባሕር ላይ ማዕበል ሲመጣ የማይደነግጥ ሰው ያን ቀን ግን፣ «ተይው ይቅርብን፣ እባክሽ» አላት በሁላችን ፊት። እሷ ጉንጉኑን ፈታ አበቦቹን አንድ በአንድ እየመዘዘች ባልዲ ውስጥ ከተተቻቸው። «አበባ ደሴታችን ላይ ከየት ይገኛል? ለማርያም መሠዊያ ይሁን። ክሪስፒን፣ አንተ ሪባኑን ጣለው፤ ሪባን ለማርያም አይሆንም» አለችው።

ሳቅን። አሁን ሳስበው ያን ቀን መሳቅ አልነበረብንም።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ነገሮች ፍጥነት ነው። አርሴንያ አምስት ሰዓት ጠብቃ ያልመጣላት ጀልባ፣ ምርጫው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሳይጠራ መጣ። ነጭና ቀይ አልነበረም፤ ስም ያልተጻፈበት ግራጫ ጀልባ ነው። ሁለት ሰዎች ወረዱ። ባጋካይ በሚባለው መንደር አንዲት ሴት ምጥ እንደያዛት፣ ሕፃኑ በእግሩ እንደመጣባት ለኔሪሳ ነገሯት። ኔሪሳ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ክሪስፒን አብሬ ልሂድ ሲል ከሰዎቹ አንዱ፣ «ወንድም፣ ቦታ የለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አለው። ክሪስፒን ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያ ጀልባ ስምንት ሰው እንደሚይዝ አይቶ ያውቃል። ግን አንዲት ሴት በምጥ ላይ ናት ተብሏልና አልተከራከረም። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው።

ኔሪሳ ከጀልባው ላይ ሆና፣ «ሩዙን ጥደህ ጠብቀኝ፤ ለእራት እደርሳለሁ» አለችው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምነግርዎት የማያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ አይደለም። እንዲያውም ከእኛ ቀድመው ማወቅዎ አስደንቆናል። በማግስቱ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ቀርበው፣ «እኅታችን ኔሪሳ ለቤተሰቧ ስትል ከፖለቲካ በመውጣቷ አመሰግናታለሁ፤ መልካም ዕረፍት እመኝላታለሁ» አሉ። በዚያች ሰዓት ክሪስፒን ገና ጀልባ መቆሚያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። ለፖሊስ ያመለከተ ሰው አልነበረም። ራሴን አገልያለሁ የሚለው ደብዳቤዋ ደግሞ የተጻፈው ማክሰኞ ነው፤ ቀኑ ከላይ በግልጽ ሰፍሯል። ሰኞ ጠዋት ላይ ሆነው የማክሰኞን ደብዳቤ ያነበቡ መሪ ስላለን ልንኮራ ይገባናል። ዕረፍት ሲሉ ግን ምን ዓይነት ዕረፍት ማለትዎ እንደሆነ ቢያብራሩልን መልካም ነበር። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለተኛውን ለሟች ወንድምዎ ስንጠቀምበት ሰምተውናል።

ምስጋናዬን በቁጥር እጽፋለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያሉትን ግን መቁጠር አልቻልኩምና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሰኞ ዕለት ከክሪስፒን ጋር ባጋካይ ሄድን። መንደሯ አሥራ ሰባት ቤት ናት። የሁሉንም ደጃፍ አንኳኳን። ዓሣ የምታደርቅ አንዲት አሮጊት ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ «ምጥ? እዚህ? ልጆቼ፣ ወጣቶቹ ሁሉ ከተማ ሄደው አልቀዋል። የመንደሩ ትንሿ ልጅ አራት ዓመት ሞልቷታል። ከዚያ ወዲህ ያረገዘ ፍየል ብቻ ነው» አለችን። ከዚያ የክሪስፒንን ፊት ቀና ብላ አየችና ዓሣውን ከእጇ አስቀመጠች። «ማንን ነው የምትፈልጉት?» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጦ።

ማክሰኞ ወደ ፖሊስ አዛዡ ሄድን። ወንበር ሰጡን፣ ቀዝቃዛ ውኃም አቀረቡልን፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ከዚያ ክሪስፒንን፣ «ወንድሜ፣ በቤታችሁ ሰላም ነበር? ሴት ልጅ አንዳንዴ ሌላ ሰው ይኖራታል» አሉት። ክሪስፒን ብድግ አለ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት፤ በዚያ ሳምንት አንድ ሰው መጥፋቱ በቂ ነበርና። አቤቱታችንን ሳይመዘግቡ አርባ ስምንት ሰዓት አልሞላም ብለው አሰናበቱን። አርባ ስምንት ሰዓት ሞልቶ ሲያልፍ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ደብዳቤው ጀልባ መቆሚያው ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፎ ተገኘ።

ደብዳቤው ቆንጆ ነው። ፊደሎቹ እንደ ሰርግ ጥሪ ተያይዘው፣ ተጠማዝዘው፣ አንገታቸውን አስግገው የተጻፉ ናቸው። ከግርጌ ፊርማ አለው። ክቡር ሆይ፣ ኔሪሳ ታምፑስ ይህን የመሰለ ጽሑፍ መጻፍ ብትችል ኖሮ እኔ በመምህርነቴ ሽልማት በተሰጠኝ ነበር። ተያያዥ ጽሕፈት ለማስተማር አንድ ዓመት ሙሉ ታግያት አቃተኝ። እስከ ዛሬ የምትጽፈው ፊደል እየነጠለች፣ እንደ ተሰባበረ አጥር ነው። ደግሞም ስሟን የምትጽፈው በአንድ «ኤስ» ነው፤ በደብዳቤው ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል። ሰው ተጨንቆ ብዙ ነገር ሊሳሳት ይችላል፤ ስሙን ግን የሚረሳው ምን ቢደርስበት ነው እያልኩ ስጠይቅ፣ ለጥያቄው መልስ ማሰብ ፈራሁ።

ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አርሴንያ ጥላው የሄደችውን ልጅ የምታሳድገው እኅቷ ፔርላ ሰሌዳው ፊት ትንሽ ቆማ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ የሕፃኑን የልደት ምስክር ወረቀት ይዛ ተመለሰች። በወረቀቱ ግርጌ የአዋላጇ ፊርማ አለ። ከደብዳቤው ጎን አስጠግታ ያዘችው። ከዚያ ሌላዋ ሴት ሄዳ የራሷን ልጆች ወረቀት አመጣች። ከዚያ ሌላዋ። እስከ ቀትር ድረስ ጀልባ መቆሚያው በእናቶች ተሞላ፤ እያንዳንዷ በእጇ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዷም ስድስት ወረቀት ይዛለች። በደሴታችን የኔሪሳ ፊርማ የሌለበት ቤት የለም። ደብዳቤውን ያዘጋጁልዎት ሰዎች ፊርማዋን ለማየት ከመቶ በላይ ቤቶች አንዱን ብቻ ቢያንኳኩ በቂ ነበር። ግን የእኛን ቤት ማንኳኳት ለማን ትዝ ይለዋል?

ፖሊሶቹ ደረሱና ሰሌዳውን ነቅለው ወሰዱት።

ቅዳሜ ምርጫው ተደረገ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አስቀድሞ ስለታተመ የኔሪሳ ስም ከላዩ አልተሰረዘም ነበር፤ መመሪያው ግን ለእሷ የተሰጠ ድምፅ ሁሉ ዋጋ እንደሌለው እንዲቆጠር ያዛል። ይህን በትልቁ ጽፈን በር ላይ እንድንለጥፍ ታዘዝን፤ ለጠፍን። ሰዎቹ በዝናብ ተሰልፈው ገቡ፣ ጽሑፉን ቆመው አነበቡ፣ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ አነበበለት። ከዚያ ገብተው መረጡ። ሦስት መቶ አርባ አንድ ሰው ድምፅ ሰጠ። ሠላሳ አንዱ ለክቡር ቶቶይ ነው፤ አሥራ ሦስቱ ምንም አላጠቆሩም። ሁለት መቶ ዘጠና ሰባቱ ዋጋ እንደሌለው እያወቁ ኔሪሳን መረጡ። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን ቀለም ስነክርላቸው፣ «ቲቸር፣ ዋጋ የለውም የተባለውን ነው የመረጥኩት፤ ትክክል ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ድምፅ ምሥጢር ነው ብዬ ልቆጣቸው ሲገባኝ፣ ጣታቸውን ደግሜ ቀለም ነከርኩት።

በመጨረሻ ፊርማ ላይ ደረስን። አብረውኝ የሠሩት ሁለቱ ወጣት መምህራን ፈረሙ፤ አልወቅሳቸውም፣ ገና ልጆች ያሳድጋሉ። እኔ የኔሪሳን ድምፅ ቁጥርና የደብዳቤውን ነገር በቃለ ጉባኤ ካልመዘገብኩ አልፈርምም አልኩ። ከቢሮዎ የተላከው ፋቢያን፣ እሱም የደሴታችን ልጅ ነው፣ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ቲቸር፣ ጡረታዎ ስንት ወር ቀረው?» አለኝ።

«ሰባት» አልኩት።

«ሰባት ወር ረጅም ነው። በመሀል ብዙ ነገር ይሆናል።»

«ፋቢያን፣ አንተንም እኮ ሁለተኛ ክፍል አስተምሬሃለሁ። ያኔም ጥሩ ልጅ ነበርክ፤ መጥፎ ነገር ሲያስደርጉህ ጆሮህ ይቀላ ነበር» አልኩት።

ጆሮው ቀልቶ ነበር። ተነሥቶ ወጣ። መግለጫው ያለ እኔ ፊርማ ሄደ፤ ክቡር ቶቶይም በአውራጃው ሁሉ አሸናፊ ተባሉ። ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በቴሌቪዥን አየኋቸው። ሱፋቸው አምሮባቸው ነበር።

በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። በተራራው ላይ፣ ከመኪና መንገድ ማለቂያ አንድ ቀን ሙሉ በእግር ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት ተመድቤአለሁ። ለዕድሜዬ የሚስማማ ንጹሕ አየር ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደግሞ አንድ ሞተር ብስክሌት ከቤቴ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ነጂው የራስ ቁሩን አያወልቅም። ሙቀቱ እንዳይጎዳው ብዬ ውኃ ወሰድኩለት። አልጠጣም። እኔ የት እንዳለሁ ለማወቅ ሰው ማቆም ሳያስፈልግዎት እነግርዎታለሁ፦ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ከክሪስፒን ጋር ጀልባ መቆሚያው ላይ ነኝ። እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የጻፍኩት ፊደሉ እየተበላሸብኝ ነው።

ነገር ግን ጽፌ ጨርሼዋለሁ። ባለፈው ሰኞ እኔ፣ ክሪስፒንና ፔርላ ወደ ዋና ከተማው ሄደን፣ ኔሪሳን የያዘ ሁሉ አካሏን እንዲያቀርብ ይታዘዝልን ስንል ለፍርድ ቤቱ አመልክተናል። ዳኛዋ የፊርማዋን ናሙና አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን። አራት መቶ ስድስት የልደት ምስክር ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍንላቸው። ለረጅም ጊዜ እያገላበጡ ሲመለከቱ ቆዩና ብዕራቸውን አነሡ። ክቡርነትዎና የፖሊስ አዛዡ በሚቀጥለው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንዲቀርቡ የሚያዘው ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሳይደርስዎት አይቀርም።

ክቡርነትዎ የማክሰኞን ነገር ሰኞ ላይ የሚያውቁ ሰው ነዎትና፣ ሐሙስ የሚጠየቁትን አንድ ጥያቄ ዛሬውኑ ያውቁታል። ኔሪሳ የት ናት? በሕይወት ካለች ባሏ ይፈልጋታል። ከሌለችም ባሏ ይፈልጋታል።

የጉልበትዎን ሪህ እግዚአብሔር እንዲያሽርልዎት፣ እስከ ሐሙስ ድረስ እንቅልፍዎ የሰላም እንዲሆን፣ ወደ ዋና ከተማውም የሚወስድዎት ጀልባ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ ያለው እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ኮንሶርሲያ ሊምባጋ
(ይህ ፊርማ የራሴ ነው፤ ፊርማዬን ማየት የሚፈልግ የሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ውጤት ካርድ ማገላበጥ ይችላል።)

ግልባጭ፦
ለደሴቷ ቤተ ክርስቲያን በር፣
ለገበያው ሰሌዳ፣
ለዋና ከተማው ጋዜጦች፣
ከቤቴ ፊት ለፊት ለቆመው ሞተረኛ።

ማስታወሻ፦ በደሴታችን እስከ ገና ድረስ አምስት ሴቶች ይወልዳሉ፤ የመጀመሪያዋ ቀኗ በሚቀጥለው ወር ነው። ምትክ አዋላጅ እንዲላክልን ቢሮዎን በጽሑፍ ጠይቀን ነበር። ኔሪሳ ታምፑስ በመዝገብ ላይ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ስለሆነች የሥራ መደቡ ክፍት አይደለም፣ ክፍት ላልሆነ መደብም ሰው አይቀጠርም የሚል መልስ ተሰጠን። የኮንግረስ ወንበር ባዶ ሲሆን በሰባ ቀን ሰው የሚያገኙ ክቡርነትዎ፣ እባክዎን ይህንንም መደብ ክፍት ነው ብለው በፊርማዎ ይጻፉልን። ሲጽፉም ክፍት የሆነው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ቀኑን አይርሱት፤ ዳኛዋ ይፈልጉታል።